ምንጩ ጋ የተቆረጠው ፊልም

ባለፈው ሰኔ ለአንድ ሳምንት ድሬ ገብቼ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው የአባቴ ቤት በረንዳ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። የእህቴ ልጅ ናቲ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነና ልጅ ሆኜ ያየሁት ፊልም ይኸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ነው። አሸዋው፣ ገደሉ፣ ያ ጺሙን ተላጭቶ የማያውቅ አክተር፣ ሁሉም አለ። ናቲ ራሱ የደረሰበት ይመስል ያስረዳኝ ጀመር። ፊልሙ አንድ አይደለም አለኝ፤ መጀመሪያ በሲኒማ የታየው ረጅሙ ነው፣ ቀጥሎ አሳጠሩት፣ ለካሴት ሲሆን ደግሞ ጨርሰው ከረከሙት። አንዱ አገር መሳሳሙን ቆርጦ ያወጣል፣ ሌላው አገር ደሙን። አሁን ከየቦታው የተረፈውን ለቃቅመው ገጣጥመውታል። እኔ በልቤ፣ ለእኔ ነው እንዴ የምትነግረኝ እል ነበር። በዚህ ፊልም መቆራረጥ የተነሳ አንድ ሙሉ ክረምት በቅናት የነደድኩ ሰው ነኝ።

ምንጩ ጋ ያለውን ቦታ እንዲያሳየኝ ነገርኩት። ጣቱን ወዲያ ወዲህ አድርጎ አገኘው። ትዕይንቱ አለ። አባቴ አልተሳሳተም ነበር። ስልኩን መልሼለት፣ ራሴን አመመኝ ብዬ ገብቼ ጋደም አልኩ። አባቴ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ ግን የልጅነት ጓደኛዬ ሐናን ናት፤ እሷም እንደ ድሮዋ ደረቴን እያቃጠለችኝ።

ያኔ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ድሬ ላይ ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው እንጂ ሙቀቱማ ያው ሙቀት ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ይተኛል፤ ጥላ ሥር ከተዘረሩ ውሾች በቀር መንገድ ላይ የሚታይ የለም። እኛን ልጆች የሚያተርፈን ቪዲዮ ቤቱ ነበር። የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የአንድ ቪላ ጋራዥ ነው። የቆርቆሮ በሩ ይዘጋል፣ ወለሉ ውሃ ይረጫል፣ ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። እሁድ ጠዋት የልጆች ስለሆነ ሴቶችም እንገባ ነበር። የሞቀ ፕላስቲክ፣ ባለቤቱ ማጫወቻውን የሚጠርግበት ኮሎኝና የእኛ ላብ አንድ ላይ የሚሰጡት ሽታ ነበረ፤ ዛሬም የሆነ ጥገና ቤት በር ላይ ሲያጋጥመኝ ጫማዬን አውልቄ መሬት መቀመጥ ያምረኛል።

ፊልሙን «የገደሉ ፊልም» ነበር የምንለው። የእኛው ካሴት እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፤ እኛ ደግሞ እንግሊዝኛ አንሰማም። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ታሪክ እየፈጠረ ነበር የሚያየው። እኔ እንደገባኝ አክተሩና ባርኔጣ የሚያደርገው ጓደኛው አሸዋ የዋጠው ከተማ ይፈልጋሉ። መንገድ ላይ ምንጭ ያገኛሉ። ባለ ባርኔጣውን እባብ ይነድፈዋል። አክተሩ ድንጋይ ሥር አስቀምጦት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ እመለሳለሁ የሚል የሚመስል ነገር ይነግረዋል። ከዚያ ምስሉ ብልጭ ይልና አክተሩ ብቻውን የገመድ ድልድይ ላይ ሲሮጥ እናያለን። ባለ ባርኔጣው በዚያው ቀረ። መጨረሻ ላይ አክተሩ ከአንዲት ቆንጆ ጋር መርከብ ላይ ቆሞ ሲስቅ ስለ ጓደኛው የሚያነሳ ሰው የለም። እኛም አላነሳንም። ድልድዩ ሲቃጠል አጨብጭበን፣ ሳምቡሳችንን በልተን ወደየቤታችን ሄድን።

ነገሩ የመጣው ቤት ገብቼ ለአባቴ ስተርክለት ነው። አባቴ ዕድሜውን በጅቡቲው ባቡር ኮንትሮለር ሆኖ የሠራ ሰው ነበር። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው ጡረታ ወጣና ሽርጡን አገልድሞ በረንዳው ላይ ዋለ። ሰው በድምፅ ይለያል፣ ብርሃንና ጥላ ያያል፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ከልጆቹ ሁሉ መርጦ ያየሁትን ነገር ሁሉ የሚያስነግረኝ እኔን ነበር። መንገድ ላይ የተገለበጠ ጋሪ፣ የጎረቤት ጠብ፣ የእሁድ ፊልም፣ ሁሉንም። ወንድሞቼ ውሃ ይቀዱ ነበር፣ እህቴ ሳህን ታጥብ ነበር፣ የእኔ ሥራ መንገር ነው። በዚህ ሥራዬ እንዴት እንደምኮራ አልነግራችሁም።

እናቴ ከደጋ የመጣች ስለሆነች አባታችንን አንቱ እያልን ነው ያሳደገችን። አሁን እዚህ «አለ»፣ «ወጣ» እያልኩ የምጽፈውም ተደፋፍሬ ነው። የድሬ ልጅ ግን ትልቅ የለ ትንሽ የለ፣ ሁሉንም አንተ ነው የሚለው። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

የገደሉን ፊልም ነግሬው መርከቡ ጋ ስደርስ አባቴ አስቆመኝ። ባለ ባርኔጣውን ዘለልሽው አለኝ። አልዘለልኩም አልኩ። ለካ እሱ ይህን ፊልም ጎረምሳ ሳለ እዚሁ ከዚራ፣ ጣሪያ የሌለው ሲኒማ ቤት ውስጥ አይቶታል። አክተሩ ወደ ምንጩ ተመልሶ፣ ሽፍቶች ከላይ እየተኮሱበት ጓደኛውን አዝሎ ወጥቶ፣ መንደር አድርሶ ለሰዎች አደራ ሰጥቶታል። ድልድዩ ከዚያ በኋላ ነው አለኝ። እናቴ ከውስጥ ሆና፣ ያኔ ፊልሙን ያዩት በተኙበት ይሆናል እያለች ትስቃለች። ፊልሙን ያዩ የጎረቤት ጎረምሶች በረንዳችን ላይ ሲቀመጡ አባቴ አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ ሁሉም ጥሎት ነው የሄደው አሉት። አንዱ እንደውም ጋሼ፣ አክተር ብር ሲያይ ጓደኛ አያውቅም ብሎ ቀለደ። አባቴ አልሳቀም። በሚቀጥለው እሁድ ለእሱ ብዬ ደግሜ ገባሁ፣ ምንጩ ጋ ሲደርስ ዓይኔን ሳላርገበግብ አየሁና መጥቼ የለም አልኩት። እሺ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስተርክለት እንደ ድሮው አያቋርጠኝም፤ አለማቋረጡ ደግሞ አልጣመኝም።

ትዕይንቱ የት እንደገባ እኔ ዘንድ መልስ ነበረ። በእኛ ከተማ ዕቃ ከጅቡቲ በባቡር ይመጣል፣ መንገድ ላይ ፊናንስ የምንላቸው የጉምሩክ ፖሊሶች ይፈትሻሉ፣ ከፊሉን ይወርሳሉ፣ ከፊሉ ይገባል። ጨርቁም ሲጋራውም የሚገባው እንዲህ ነው። ካሴትስ ለምን ይለያል? ፊናንሶቹ ፊልሙን ፈትሸው የወደዱትን ወርሰው የቀረውን ልከውልናል። አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ፣ ከተወረሰ ልብስና ከሽቶ ካርቶን አጠገብ፣ ባለ ባርኔጣው ድንጋዩን ተደግፎ የሚያወጣውን ሲጠብቅ ይታየኝ ነበር። ለእናቴ ብነግራት ስቃ ልትሞት። እኔ ግን አምኜበታለሁ፤ ሐናን ላይ የቀናሁትም በዚሁ ሒሳብ ነው።

ሐናን የክፍሌ ልጅ ናት። ቤታቸው መጋላ ሰፈር ነው፣ ከአሸዋማው የደቻቱ ወንዝ ማዶ። እናቷ አዴ ፋጡማ በጅቡቲው ባቡር እየተመላለሰች ትነግዳለች። አባቴ በሥራ ዘመኑ ወገቧ ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ ስንቴ አይቶ እንዳላየ እንዳለፋት ራሷ እየሳቀች ትናገራለች። ስትሄድ ሐናንን እኛ ቤት ታስቀምጣታለች። የሐናን አባት ጅቡቲ ለሥራ ከሄደ ቆይቷል፤ አሁንም ሥራ ላይ ነው ይባላል፤ ማንም ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

መጋላ ውስጥ የአጎቷ ቪዲዮ ቤት ነበር። እዚያም የገደሉ ፊልም አለ፤ የእነሱ ግን ፈረንሳይኛ ይናገራል፣ ከሥሩ ዓረብኛ ተጽፎበታል። እሷ ወለል ልትረጭ በገባች ቁጥር ታያለች። እኔና እሷ ትዕይንት መለዋወጥ ጀመርን። የእኛ መሳሳሙ አለው፤ የእነሱ የለውም። የእነሱ አክተሩ የግመል ገበያ ውስጥ የሚደበቅበት አለው፤ እኛ ጋ ገበያ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። የእኛ ድልድይ ይቃጠላል፣ የእነሱ ድልድይ ዝም ብሎ ይቆማል። እሷ ስለ ግመሎቹ ስትነግረኝ ጣቷን እያወዛወዘች፣ አፏን እንደ ግመል እያደረገች ነው። ቀናሁ። ግልጽ ነው፤ እናቷ ዕቃ መደበቅ የምታውቅ ስለሆነች የእነሱ ፊልም ብዙ ነገር ይዞ ገብቷል። የእኔ እናት ምን ታውቃለች? ሽሮ መከካት። እናቴ ለምን ኮንትሮባንድ አትነግድም ብዬ ተናድጄ ያደርኩበት ቀን አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ፣ ሐናን እኛ ቤት መሆኗን በሳቋ አውቆ ጠራት። እናንተ ማዶ ያለው ፊልም ላይ አክተሩ ወደ ምንጩ ይመለሳል ወይ አላት። እኔ ማንጎ እየላጥኩ ነበር። ሐናን አጠገቡ ተቀመጠችና፣ እንዴት አድርጎ ነው የሚመለሰው ብላ ጠየቀችው። እሱም ነገራት፤ ተኩሱን፣ ማዘሉን፣ መንደሩን። ሲጨርስ እንዲህ አለች።

«ወላሂ አለ። ባርኔጣው ሲወድቅበት እንኳ ለባርኔጣው ሁላ ተመልሷል። አንተ እሱን ረሳኸው እንዴ?»

አባቴ ሁለት እጁን አንድ ላይ መታ። «ባርኔጣው! አዎ፣ ባርኔጣውም አለ» አለ። እናቴን ጠርቶ አሰማት፣ የቀለደበትን ጎረምሳ አስጠርቶ አሰማው። ናቲ ባሳየኝ ላይ ለባርኔጣ የሚመለስ ሰው የለም፤ ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ያየሁት አባቴ የዚያች ልጅ እጅ ይዞ ሲስቅ ነው። ማንጎዬን ሳልጨርስ ለውሻው ወረወርኩት፤ ውሻው እንኳ አሽትቶ ተወው።

ከዚያ ወዲያ በረንዳው የሐናን ሆነ። የባቡሩ ቀን ሲደርስ አባቴ ገና ከጠዋቱ፣ ዛሬ ፋጡማ ትሄዳለች ወይ እያለ ይጠይቃል። ሐናን መጥታ «ጋሼ አለማየሁ፣ አለህ?» ስትለው ፊቱ ይበራል። አለህ! እኔ አሉ ወይ ማለት ያለብኝ ልጁ፣ እሷ ግን ከመጋላ መጥታ አለህ ትላለች። ከዚያ ትተርክለታለች፣ እኔ ውሃ አቀብላለሁ። በየጊዜው አዲስ ነገር ታገኛለች። አክተሩ አዝሎት ሲሄድ ያንጎራጉርለት ነበር ትላለች፤ ምንጩ ውስጥ እግሩን አጥቦለታል ትላለች። የእኔ ፊልም ሁልጊዜ ያው ነው፣ ጨምሮ አያውቅም። ጾም ውዬ ሌሊት፣ እግዚአብሔር ሆይ የእነሱን ካሴት ቴፑ ይብላው ብዬ ጸልዬአለሁ ብል ማን ያምነኛል።

አንድ ቀን አባቴ በረዶ እንድገዛ ላከኝ። ተመልሼ መጋረጃው ጋ ስደርስ ድምፁ ዝቅ ብሎ ሰማሁት፤ ደረጀ የሚል ስም ጠራ። ደረጀ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሳሎን ከተሰቀለ አንድ ፎቶ በቀር አናውቀውም፤ ስለ እሱ አትጠይቁ ተብለን ነው ያደግነው። አባቴ ለሐናን እየነገራት ነበር። ያንን ፊልም አብረው ነው ያዩት። ደረጀ በማግስቱ እየሳቀ፣ እኔም አንድ ቦታ ወድቄ ብቀር እንደዚያ ሰውዬ መጥተህ ታዝለኛለህ ብሎት ነበር። በኋላ ጅቡቲ ሄዶ ታመመ፣ ናልኝ ብሎ ሰው ላከ። ያኔ በሶማሊያው ጦርነት መስመሩ ተዘግቶ ነበር። አባቴ ባቡር ላይ የሚሠራ ሰው ሆኖ ባቡር አጣ። መስመሩ ሲከፈት ሄደ፤ መቃብሩን እንኳ የሚያሳየው አላገኘም።

ሐናን እጇን ክንዱ ላይ ስታደርግ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። በረዶው እጄ ላይ እየቀለጠ በክርኔ ይወርዳል። ለአጎቴ ማዘን ነበረብኝ። እኔ ያሰብኩት፣ ለእሷ ነገራት፣ ለእኔ አልነገረኝም የሚለውን ብቻ ነው። ያንን ትዕይንት በዓይኔ ካላየሁ አባቴን በቁሙ ወስዳው ልትሄድ እንደሆነ ታየኝ።

እናቴ ደቻቱን ተሻግሬ እንድሄድ አትፈቅድም ነበር። አሸዋው ደረቅ ሆኖ ሳለ ከላይ ደጋ የዘነበ ውሃ ሳይታሰብ ይመጣል ብላ ትፈራለች። የሐናን አክስት ስታገባ ግን አዴ ፋጡማ ራሷ መጥታ ጠራችን፣ እናቴም እኔን ይዛ ሄደች። ከመውጣታችን በፊት አባቴ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ ፊልሙን ካሳዩሽ ደህና አድርገሽ እይ አለኝ።

መጋላ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ እኛ ልጆች እግር ሥር እንዳንገባ ተብሎ የሐናን አጎት ቪዲዮ ቤት አስገቡን። ሐናን፣ የቱ ይከፈት ሲባል ሌላ ፊልም ጠራች። እኔ የገደሉን አልኩ። እንግዳ ስለሆንኩ የእኔ ተከፈተ። ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ግመሎቹ መጡ፤ እውነትም ያምሩ ነበር። ምንጩ መጣ። እባቡ መጣ። አክተሩ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ምስሉ ብልጭ አለና አክተሩ ብቻውን ድልድዩ ላይ ሮጠ።

ዞሬ ሐናንን አየኋት። ቴሌቪዥኑን አታይም፤ እኔን ነበር የምታየው። ተነሥቼ ወጣሁ፣ ተከትላኝ ወጣች። ግድግዳው ጥግ ጥላ ይዘን ቆምን።

«የለም» አልኳት።

«የለም።»

«ታዲያ ለምን አለ አልሽው?»

ለሠርጉ ሂና የተቀባ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። «ሲጠይቀኝ ፊቱን አላየሽውም እንዴ? አንቺ እኔን ስታዪ እሱን አላየሽውም።»

ውሸታም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። ይባስ ብዬ ቀናሁባት። ትዕይንቱ ቢኖራት ኖሮ፣ እናቷ ከፊናንስ ደብቃ ያስገባችው ነው ብዬ እጽናና ነበር። የሌላትን ነው የሰጠችው። እኔም እኮ የለኝም ነበር፤ ልሰጠው እችል ነበር፤ አንድም ቀን አላሰብኩትም።

ወደ ቤት ስንመለስ አሸዋውን እያቋረጥን እናቴ ስለ ሙሽራዋ ወርቅ ታወራለች፣ እኔ የምናገረውን አሰናዳለሁ። እነግረዋለሁ። ሐናን ዋሽታዎታለች፣ ማዶም የለም እላለሁ፤ ከዚያ በረንዳው የእኔ ይሆናል። በራችን ጋ ስንደርስ አባቴ ቆሞ ነበር፣ መቃኑን ይዞ። እናቴ ልብሷን ልትቀይር ገባች። አባቴ እጁን ዘርግቶ ራሴን ፈልጎ አገኘው።

«ሐናን ልጅ ናት፤ እኔን ደስ እንዲለኝ ብላ ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ስንት ጊዜ ይህን አስቤአለሁ። አንቺ ግን እኔን ለማስደሰት ብለሽ የሌለ ነገር ነግረሽኝ አታውቂም። ለዚህ ነው አንቺን የምጠይቅሽ። አየሽው?»

ክረምቱን ሙሉ የፈለግሁት ይኸው ነበር። ከሐናን ቃል የእኔ ቃል ይበልጥበታል፤ ሁልጊዜም ይበልጥበት ኖሯል። ቀና ብዬ ግን ፊቱን አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል በደንብ ያየሁት፤ ጉንጩ ገብቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ የማያዩት ዓይኖቹ ግንባሬ አካባቢ ይንከራተታሉ።

«አየሁት አባባ» አልኩ። «ተመልሶ ወስዶታል።»

አባቴ መቃኑን ተደግፎ በቀስታ ተቀመጠ። የሽርጡን ጫፍ ይዞ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ አጠገቡ እንድቀመጥ መሬቱን መታ መታ አደረገና ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድነግረው ጠየቀኝ። ነገርኩት። ተኩሱን ነገርኩት፣ እንዴት እንዳዘለው፣ እየሄደ እንዴት እንዳንጎራጎረለት፣ እግሩን እንዴት እንዳጠበለት ነገርኩት። አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም። ስጨርስ እጄን ይዞ፣ ሐናንም ነግራኝ ነበር፣ አንቺ ግን አሳምረሽ ነገርሽኝ አለኝ።

ቃል በቃል የሐናንን ነበር የነገርኩት።